ሳያም የደበዘዘ ዓይን፦ የሬቲናዬ ደም መልስ ተዘግቶ ያየሁት

ሰበታ ዳር በምንሠራው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ግድግዳ ስፈትሽ ብሎኬቱ መሃሉ ላይ ሆድ ያወጣ መሰለኝ። ሲባጎውን አየሁት፤ እሱም እዚያው ቦታ ላይ ጎብጧል። የተወጠረ ሲባጎ ደግሞ አይጎብጥም። ቱንቢ ጣልኩ፣ ውሃ ልክ አስደገፍኩ፤ ግድግዳው ምንም አልሆነም። አንድ ዓይኔን በመዳፌ መሸፈን የመጣልኝ ያኔ ነው። ቀኙን ስሸፍን ሁሉ ነገር ቀና ነው። ግራውን ስሸፍን ሲባጎው ይጎብጣል፣ ከመሃል ወደ ታች ያለው እይታዬም ይደበዝዛል፤ ፊት ለፊቴ የቆመው ልጅ ፊቱ ይታየኛል፣ የያዘው ባልዲ ግን የለም። ሕመም የለም፣ መቅላት የለም፣ እንባ የለም። ጠዋት ስነሣ አንድ ነገር ቅር ብሎኝ ነበር፤ እንቅልፍ ሳይበቃኝ ቀርቶ ነው ብዬ ወጣሁ።

የዚህ በሽታ ክፉ ጠባይ አለማመሙ ነው። ጥርስ ቢሆን ኖሮ ሌሊቱን አያሳድርም ነበር። ሬቲና የሚባለው ከዓይን ጀርባ የተነጠፈው ስስ ሽፋን ግን ብርሃን ይቀበላል እንጂ ሕመም አያውቅም፤ ደም ቢፈስበትም ውሃ ቢቋጥርም ዝም ነው። ስለዚህ ሰው ሁለት ጊዜ ይዘናጋል፤ መጀመሪያ ወደ ሐኪም ለመሄድ፣ ኋላም ሕክምናውን ለመቀጠል። እኔ የምጽፈው በተለይ ለሁለተኛው ነው።

ያን ዕለት ማታ ቤቴ የመጣው ሁሉ የራሱን ምርመራ ይዞ መጣ። አንዲት ጎረቤታችን “ምች ነው፣ ፀሐይ ላይ ስትውል መታህ” ብለው ዳማከሴ ሊቆርጡ ተነሡ። በደግነታቸው ነው፤ ነገር ግን ዓይን ውስጥ የሚጨመቅ ቅጠል ሌላ ቁስል ከማምጣት በቀር ሬቲና ዘንድ አይደርስም። የባለቤቴ ወንድም “ሞራ ነው፣ ይገፈፋል” አለ። ሞራ ማለቱ አያስደንቅም። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአገራችን ከዓይነ ስውራን ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት የታወሩ ሆነው ተገኝተዋል። ነገር ግን ሞራ ቀስ እያለ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ማታ ደህና ሆኖ የተኛ ዓይን ጠዋት ደብዝዞ ከተነሣ ሞራ አይደለም።

በማግስቱ አንድ መነጽር ቤት ገባሁ። ልጁ ሌንስ እየቀያየረ ሰሌዳ አስነበበኝ፤ በቀኙ ዓይን አንዱም አላስተካከለውም። ይህን ያየ ሰው ወደ ሐኪም መላክ ነበረበት። እሱ ፍሬም ሊያስመርጠኝ ጀመረ። በየትኛውም ሌንስ የማይጠራ እይታ ችግሩ ከመነጽር በስተጀርባ ነውና ገንዘባችሁን ለምርመራ አስቀምጡት።

አለም ገና ያለ ክሊኒክ ስሄድ ሲስተሯ ዓይኔን ሳታይ በፊት ክንዴን ጠየቀችኝ። “ጋሼ፣ ግፊት አለብዎት?”

“ኖሮብኝ አያውቅም።”

“ተለክተው ያውቃሉ?”

መልስ አልነበረኝም። 180 በ110። ደግማ ለካችው፤ ያው ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን ጠየቀችኝ፤ አንዱም የለብኝም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገ ቅኝት ከዐዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ እኔም ሳልቆጠር ከእነሱ ጋር እኖር ነበር ማለት ነው። እዚያው ሪፈር ተጻፈልኝ። ጤና መድን ያላችሁ ሰዎች ሪፈሩን ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ በደረጃው ማጻፍ አትርሱ፤ ወረቀቱ አንድ ደረጃ ከዘለለ ካርድ ክፍል ላይ ይመልሷችኋል። አዲስ አበባ ውስጥ የት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዓይን ሕክምና ትምህርት ክፍል ያለበት ነው። የሚያስፈልጋችሁ በሬቲና ላይ የሠለጠነ የዓይን ሐኪም መሆኑን አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ ወረፋው ለየብቻ ነው።

እኔን ያየችኝ ዶክተር ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ብሌን የሚከፍት ጠብታ አስደርጋ፣ አገጬን በመሣሪያው ላይ አስደግፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችኝ። ከዚያ ወረቀት ገልብጣ ሣለችልኝ። ወደ ሬቲና ደም የሚያመጣው ደም ቅዳ ነው፤ የሚመልሰው ደም መልስ ነው። ሁለቱ እየተሻገሩ ነው የሚሄዱት፤ በሚሻገሩበት ቦታም አንድ ሽፋን ይጋራሉ። በአንድ የግድግዳ ቦይ ውስጥ ከብረት ቧንቧ ሥር የተቀበረ ለስላሳ ጎማ አስቡ። ግፊት ለዓመታት ሲደበድበው ደም ቅዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፤ ከሥሩ ያለውን ደም መልስ ይጫነዋል። ደሙ በጠበበው ቦታ ይሽከረከራል፣ የሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ይጎዳል፣ በመጨረሻም ይረጋና ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ደም አለ፣ የሚመለስ የለም። ከተዘጋው ወዲያ ያሉት ቀጫጭን ሥሮች ሞልተው ደምና ውሃ ያንጠባጥባሉ።

ውሃው ማኩላ ላይ ሲቋጠር ነው ነገሩ የሚብሰው። ማኩላ የሬቲና መሃል ናት፤ ፊደል የምናነብባት፣ ፊት የምንለይባት፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባባት። ስታብጥ ቀጥ ያለው ነገር ይጎብጣል። የእኔ ሲባጎ የጎበጠው በዚህ ነው። የታችኛው እይታዬ ለምን እንደጠፋም ያን ቀን ገባኝ፤ የተዘጋው ሥር ከሬቲናዬ ላይኛው ክፍል ነው፣ ምስል ደግሞ ሬቲና ላይ ተገልብጦ ነው የሚያርፈው።

የተዘጋብኝ ቅርንጫፍ ነው። ብዙ ሰው የሚይዘው ይህ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ግምት በዓለም ላይ 16 ሚሊዮን ገደማ ሰው የሬቲና ደም መልስ መዘጋት ነበረበት፤ አብዛኛው የቅርንጫፉ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ዋናው ደም መልስ ከዓይን በሚወጣበት ላይ ሲዘጋ ነው፤ ያኔ መላው ሬቲና ይጎዳል፣ እይታም የበለጠ ይወርዳል። ወረፋ ላይ አጠገቤ ይቀመጡ የነበሩ የሆለታ እናት የያዛቸው ያ ነው። በእሳቸው ላይ ሐኪሞቹ አዘውትረው የሚያዩት የዓይናቸውን ቀለበት፣ በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ክፍል ነበር። ደም ያጣ ሬቲና አዳዲስ ደካማ ሥሮች እንዲበቅሉ ይጠራል፤ እነዚያ ሥሮች ዓይን ውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣበት ቦታ ላይ ሲበቅሉ የዓይን ግፊት ይንራል፣ ዓይኑ ይቀላል፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ያማል። ይህ ብዙ ጊዜ ሥሩ ከተዘጋ ሦስት ወር ገደማ በኋላ ስለሚመጣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ቀጠሮ መዝለል አደገኛ ነው። እሳቸው ሌዘር ተሠራላቸው። ሌዘሩ የጠፋውን እይታ ለመመለስ አይደለም፤ አዲሶቹን ሥሮች ለማክሰም ነው። ይህ ሳይነገረው ሌዘር የሚገባ ሰው ሲወጣ “ምንም አልጠቀመኝም” ይላል።

አንድ ነገር ለዩልኝ። አንድ ዓይን መብራት እንደጠፋ በድንገት ጨርሶ ከጨለመ የተዘጋው ደም ቅዳው ሊሆን ይችላልና ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ያንኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። የደም መልስ መዘጋት ያን ያህል አያጣድፍም፤ በቀናት ውስጥ መታየት ግን አለበት።

ምርመራው ሁለት ነበር። ኦሲቲ የሚባለው ብርሃን አሳይቶ የሬቲናን ንብርብር ከጎን እንደተቆረጠ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ ነው፤ አይነካም፣ አያምም፣ ወዲያው ያልቃል። የደህና ሰው ማኩላ መሃል ውፍረት 250 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የእኔ ከ500 በላይ ነበር። ሁለተኛው በክንድ ሥር ፍሎሬሲን የሚባል ቀለም ሰጥተው የሚያነሡት ፎቶ ነው፤ የቱ ሥር እንደሚያፈስ፣ የቱ ቦታ ደም እንዳጣ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ቆዳ ቢጫ ይመስላል፣ ሽንትም ለአንድ ቀን ያህል ብርቱካናማ ይሆናል። አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው ኩላሊቴ ሄደ ብሎ ይደነግጣል።

አሁን ቤታችንን ያመሰው ነገር። መድኃኒቱ ተጻፈልኝ፤ ቤቫሲዙማብ ይላል፣ ብዙ ሰው የሚያውቀው አቫስቲን በሚለው ስሙ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን ይዛ መድኃኒት ቤት ስትጠይቅ አንዱ “ይሄ የካንሰር ነው” አላት። እሷ ቤት እስክትደርስ ድረስ እኔ ሞቼ ተቀብሬያለሁ። ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ መደብ ላይ ተቀመጠች፤ “ደብቀኸኝ ነው?” አለችኝ። ምን እንደደበቅኳት እስክረዳ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቶ ነበር። እህቴ ከወሊሶ ደወለች። ሊጠይቀኝ የመጣ የሥራ ባልደረባዬ ሲወጣ እጄን ጭምቅ አድርጎ ነው የያዘኝ፤ ያንን አያያዝ ለቅሶ ቤት ነው የማውቀው።

የመድኃኒት ቤቱ ሰው አልዋሸም። መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2004 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ለአንጀት ካንሰር ነው። ሥራው አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅል የሚያዝዘውን፣ ቪኢጂኤፍ የሚሉትን ንጥረ ነገር ማሰር ነው። የካንሰር ዕጢ ለማደግ ሥር ያበቅላል፤ ደም ያጣ ሬቲናም ያንኑ ንጥረ ነገር ይረጫል፣ እሱም ሥሮችን ያሳሳና ውሃ ያስወጣል። ስለዚህ ያው መድኃኒት በጣም ጥቂት ሆኖ፣ 0.05 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ዓይን ውስጥ ሲሰጥ እብጠቱን ያወርዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለዓይን ሕክምና ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። በተለይ ለዓይን የተሠሩት ራኒቢዙማብና አፍሊበርሰፕት ዋጋቸው እጅግ ከፍ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በዋናው ደም መልስ መዘጋት ላይ ቤቫሲዙማብን ከአፍሊበርሰፕት ጋር አነጻጽሮ በስድስተኛው ወር ከአፍሊበርሰፕት የማያንስ እይታ እንደሚያስገኝ አሳይቷል። ርካሹ ታዞላችሁ ከሆነ ተንቃችሁ አይደለም። ይህንን ሁሉ ዶክተሯ ለባለቤቴ በስልክ አስረዳችልኝ፤ ደጅ ለደጅ ዞሮ ለጎረቤት ማስረዳቱ ግን የእኔ ዕዳ ሆነ።

አንድ ጠርሙስ ለብዙ ሰው ስለሚበቃ፣ ንጽሕናው በተጠበቀ ቦታ ተከፋፍሎ ለተቀጠሩት ሕመምተኞች በአንድ ቀን የሚሰጥበት አሠራር አለ። ዋጋው የሚቀንሰው በዚህ ነው። ስለዚህ የመርፌ ቀናችሁን አታዛንፉ፤ በማግስቱ ብትሄዱ ጠርሙሱ ላይኖር ይችላል።

መርፌውን ሁሉም ሰው ይፈራል፣ እኔም ፈርቻለሁ፤ ስለዚህ እንዳለ ልናገር። በጀርባ ያስተኙሃል። ማደንዘዣ ጠብታ ደጋግመው ያደርጋሉ። ቆዳውንና ዓይኑን በአዮዲን ያጥባሉ፤ ከሁሉም የሚያቃጥለው እሱ ነው። ፊትን በጨርቅ ሸፍነው የዓይን ቆብን በትንሽ ሽቦ ይከፍታሉ፣ ማርገብገብ አይቻልም። “ወደ ላይ ይመልከቱ” ይሉሃል። መርፌው የሚገባው በነጩ በኩል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ነው፤ ሲመጣም አይታይም። ግፊት ነገር ተሰማኝ፣ አለቀ። ከዝግጅቱ ጋር ሲነጻጸር መርፌው ራሱ ምንም አይደለም። ሲጨርሱ ጣት አሳይተው ስንት ነው ይላሉ፤ ማየትህን ለማረጋገጥ ነው።

በዚያ ቀን ማታ ዓይን መቆርቆሩ፣ ነጩ ላይ ደም መሰል ቀይ ምልክት መውጣቱ፣ ጥቂት ጥቁር ነጥቦች መንሳፈፋቸው የተለመደ ነው። የማይለመደው ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት እየጨመረ የሚሄድ ሕመም፣ እየባሰ የሚቀላ ዓይን፣ ብርሃን መፍራትና እንደገና የሚወርድ እይታ ነው። ይህ ከብዙ መቶ መርፌ አንድ ጊዜ እንኳ የማይደርስ ቢሆንም ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ሌሊትም ቢሆን ይኬዳል። እኔ አቧራ ስፍራ ስለምሠራ ሲሚንቶ አጠገብ እንዳልደርስ፣ እንዳላሽ፣ ለጥቂት ቀን ውሃ ዓይኔ ውስጥ እንዳይገባ ተነግሮኛል። ጸበልም ውሃ ነው። ባለቤቴ ሳምንቱን ሙሉ ልታስጠምቀኝ አስባ ነበርና ንስሐ አባታችንን ጠየቅናቸው፤ “ሐኪሙ ያለውን ቀን ጠብቅ፣ እስከዚያ ጠጣው” አሉ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

እይታዬ ከመጀመሪያው መርፌ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ጠራ። ሲባጎ ቀና፣ የስልኬን ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። ብዙ ሰው የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። አብሮኝ የጀመረ አንድ ሹፌር “አሁን አየሁ፣ ለምን እወጋለሁ?” ብሎ ቀረ፤ በኋላ ስንገናኝ እብጠቱ ተመልሶ፣ ከበፊቱም ብሶበት ነበር። መድኃኒቱ ያንን ንጥረ ነገር ለጥቂት ሳምንታት ነው የሚያስረው፤ የተዘጋውን ሥር አይከፍትም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ ይሰጣል፣ ፎቶው ላይ ማኩላ ደርቃ ስትታይ በመርፌዎቹ መካከል ያለው ክፍተት እየሰፋ ይሄዳል። በእኔ ላይ ክፍተቱ ሲሰፋ አንድ ጊዜ እብጠቱ ተመልሷል፤ የገረመኝ እኔ ምንም አልታወቀኝም ነበር። ደህና ነኝ ብዬ ገብቼ ማሽኑ “አይደለህም” አለኝ። ዓይኔ የሚነግረኝን ሳይሆን ካርዱ ላይ የተጻፈውን ቀን መከተል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ያለ መርፌ የሚሻለውም አለ፤ ቅርንጫፉ ጠርዝ ላይ ከሆነና ማኩላ ካላበጠች ሐኪሙ በክትትል ብቻ ሊያቆየው ይችላል። መርፌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከወጣ አንድ ጥናት በኋላ ለብዙ ዓመታት ለቅርንጫፉ ዓይነት የሚሰጠው ሌዘር ነበር፤ አሁንም ቦታ አለው። ስቴሮይድም ዓይን ውስጥ ይሰጣል፣ ነገር ግን የዓይን ግፊትን ሊጨምርና ሞራን ሊያፋጥን ስለሚችል ግላኮማ፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣው የዓይን ነርቭ በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር። አስፒሪን? “ደም ያቀጥናል” ብለው ያመጡልኝ ብዙ ናቸው። ዶክተሯ የተዘጋውን የሬቲና ሥር እንደማይከፍት፣ ለልብ የሚታዘዝለት ሰው ግን እንደማያቋርጠው ነገረችኝ።

ሌላው ግማሽ ሕክምና ወጥ ቤት ነው። ዓይኔን በየወሩ እየወጉ ግፊቴ 180 ላይ ቢቀር ቤቱን ጣሪያው እያፈሰሰ ቀለም መቀባት ይሆን ነበር። ከግፊት ሌላ ስኳር፣ ኮሌስትሮልና ሙሉ የደም ምርመራ ታዘዘልኝ፣ የዓይን ግፊቴም ለብቻው ተለካ፤ ግላኮማም ለዚህ በሽታ ያጋልጣልና። ሲጋራ የሚያጨስ ያቁም። ጫት ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ሳይቶች ላይ ከምሳ በኋላ የማይቅም ሰው ጥቂት ስለሆነ ይህን ስናገር የሚወደኝ የለም። ዕድሜው ከ50 በታች የሆነና ግፊትም ስኳርም የሌለበት ሰው ደግሞ የደም መርጋት ችግር ካለ ይመረመራል፤ የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስድ ሴት ለሐኪሟ ታስረዳ።

መጀመሪያ የታዘዘልኝ ኢናላፕሪል ነበር። ደረቅ ሳል አመጣብኝ፤ የዚህ መድኃኒት የታወቀ ጠባዩ ነው። መድኃኒቱን አልጣልኩም፣ ተመልሼ ነገርኳቸውና በአምሎዲፒን ተቀየረልኝ። ጾም ሲመጣ ቁርስ ስለሌለ ክኒኑን የሚተዉ ብዙ ሰዎች አሉ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ በረመዳን የሚጾም ወንድማችንም ያንኑ ጥያቄ ለሐኪሙ ያቅርብ። መጠየቅ ነው እንጂ ለሁለት ወር ያህል ጾም ግፊትን ልቅ መተው አይደለም።

ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። “ወጥ ላይ አልጨምርም” ማለት ብቻውን አይበቃም። ጨው በርበሬው ሲፈጭ ገብቷል፣ ሽሮው ሲዘጋጅ ገብቷል። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት ከመላኳ በፊት የጨውን መጠን ቀነሰች፤ ለውጡ የመጣው ከዚያ ነው። በእኛ አካባቢ ቡና በጨው የሚጠጣም አለ። እሱን ተውኩት፣ ቀላል አልነበረም።

ግፊት በቤት ሲለካ ለአምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ እግር መሬት ነክቶ፣ ክንድ በልብ ቁመት ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው። ቡና ጠጥቶ ወዲያው አይለካም። ሲለካ አይወራም። ቁጥሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ሐኪም ፊት የምናገረው ስሜቴን ሳይሆን ደብተሩን ነው። ለእኔ የተቀመጠልኝ ግብ ከ140 በ90 በታች ነበር፣ አሁን ከዚያም ወርዷል።

ራስን መፈተሽ ቀላል ነው። ሴራሚክ ያለበት ግድግዳ ፊት ቆሜ፣ በሳምንት የተወሰነ ቀን አንድ ዓይኔን እየሸፈንኩ መገጣጠሚያ መስመሮቹን አያለሁ። መስመር ከጎበጠ ወይም አንዱ ሰድር መሃሉ ከጠፋ እደውላለሁ። ሁለቱን ዓይን ከፍቶ ማየት ዋጋ የለውም፤ ደህናው የታመመውን ይሸፍንለታል። ባለ አንድ ዓይን እይታ ምን እንደሚያደርግም ልንገራችሁ። ሻይ ስቀዳ ከስኒው ውጭ ነው የማፈሰው፣ ሚስማር ስመታ ጣቴን ነው። ደረጃ ስወርድ፣ ያውም የታችኛው እይታዬ የጎደለ በመሆኑ፣ የመጨረሻዋን ርከን ሳላያት አልፋለሁ። እጀታ መያዝ ተማርኩ። ስካፎልዲንግ ላይ አልወጣም፤ ፍተሻውን ከወለል በላይ ያለውን ሁሉ ልጆቹ በስልክ ፎቶ አንሥተው ያሳዩኛል፣ ቱንቢው ደግሞ አይዋሽም።

ለቀጠሮ ቀን አንድ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ብሌን ከተከፈተ በኋላ ለሰዓታት ቅርብ ያለው አይነበብም፣ ፀሐይ ይወጋል። ከአለም ገና አየር ጤና፣ ከዚያ ጦር ኃይሎች ድረስ ያለውን ግፊያ ያየ ያውቀዋል፤ ተመላሹን ገንዘብ እንኳ መለየት አይቻልም። ባርኔጣና ጥቁር መነጽር፣ ያለፈው የኦሲቲ ፎቶ፣ የግፊት ደብተር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው በአንድ ፌስታል ይሁን።

ሰበታ ያደገ ሰው ዓይነ ስውርነትን በሩቅ አያውቀውም። መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እኛው ከተማ ነው፤ በነጭ ዘንግ መንገድ ሲሻገሩ፣ ሲማሩ፣ መምህርና ጠበቃ ሲሆኑ አይተናል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰው “ከመታወር ሞት ይሻላል” ሲለኝ ያናድደኝ ነበር። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነበር፤ የቀረኝ ዓይን። በአንዱ ዓይን የተዘጋበት ሰው ሁለተኛው የመዘጋት ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ ልብና አንጎል ላይም ያው ሥር ነው ያለው። ቀኙ ዓይኔ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ፊደል ያነባል፣ ከታች በኩል ግን የማይጠፋ እድፍ ቀርቷል። ዶክተሯም ከዚህ በላይ ቃል አልገባችልኝም።

የደም ግፊት በቤተሰብ ስለሚሄድ ወንድሞቼንና እህቶቼን ሁሉ አስለካሁ። ትንሹ ወንድሜ ወሊሶ ነው፣ ከእኔ ይወፍራል፣ ከእኔ ይስቃል፣ “እኔ ምን አለብኝ” ባይ ነው። ፋርማሲ አስገብቼ ሳስለካው 170 በ105 ወጣ። እሱም ምንም አላመመውም። አሁን ክኒን ጀምሯል፤ ሚስቱም የሽሮውን ጨው ቀንሳለች፣ እየደወለ የሚሰድበኝ ለዚያ ነው።